በክፉ ቀን ዶማ ያነሡ እጆች

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



ስለ ሃይማኖት ጽናት በተነገረ ጊዜ አስቀድመው ወደ አሳባችን የሚመጡት በሰይፍ የተቀሉ፥ በእሳት የተቃጠሉ፥ ለአንበሳ የተሰጡ ሰማዕታት ናቸው። እነርሱን ማሰባችን የሚገባ ነው፤ ቅድስት ቤተ ክርስቲያንም በየዕለቱ በስንክሳር ታስባቸዋለች። ነገር ግን ከመካከላችን በንጉሥ አደባባይ ቆሞ እምነቱን እንዲክድ የሚጠየቅ ስንት ሰው ነው? የብዙዎቻችን ፈተና የሚመጣው በጓዳና በጎተራ፥ በገበያና በእርሻ፥ በጎረቤትም ደጃፍ ነው። በዚያ ስፍራ ዳኛው ለዓይን አይታይም፤ የሚቀርበው ጥያቄ ግን ለሰማዕታት የቀረበው ያው ጥያቄ ነው፤ የክርስቶስ ነህን ወይስ አይደለህም? የሚል ነው።

ይህን ነገር በቃል ብቻ እንዳናስቀረው ከራሳችን አባቶች ታሪክ አንዱን ዘመን አንሥተን እንመልከት። ይኸውም ሕዝባችን «ክፉ ቀን» ብሎ የሰየመው፥ ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. በአገራችን ላይ የወረደው ታላቁ ረኃብ ነው። ከዚያ በፊትም ከዚያም በኋላ ረኃብ አልጠፋም፤ በ1966 እና በ1977 ዓ.ም. የሆነውን በዓይናቸው ያዩ ዛሬም በመካከላችን አሉ። ይሁን እንጂ «ክፉ ቀን» የሚለው ስም ለዚያ ለጥንቱ ዘመን ተለይቶ ቀርቶአል።

መከራው የመጣው እንዲህ ነው። በ1880 ዓ.ም. ገደማ የኢጣልያ ጦር በምፅዋ ወደብ ሰፍሮ በነበረ ጊዜ፥ ለጦሩ አገልግሎት በመርከብ ከመጡት ከብቶች ጋራ አንድ ክፉ የከብት በሽታ እንደ ገባ የታሪክ ጸሓፊዎች ይናገራሉ፤ ከብቶቹም ከሕንድ አገር የመጡ እንደ ነበሩ ይታመናል። ይህን በሽታ የአገራችን ሰው «ደስታ» ብሎ ጠራው፤ በስሙና በሥራው መካከል ያለው ርቀት እጅግ የሚያስደንቅ ነው። የአገራችን ከብት ከዚያ በፊት ይህን በሽታ አያውቀውም ነበርና የሚቋቋምበት ኀይል አልነበረውም። በሽታው ከትግራይ ተነሥቶ ወደ በጌምድርና ወደ ጎጃም፥ ወደ ወሎና ወደ ሸዋ፥ ከዚያም አልፎ ወደ ደቡብ ወረደ፤ 10 ዓመት ያህል በሚሆን ጊዜ ውስጥም እስከ አፍሪካ ደቡባዊ ጫፍ ደረሰ። በአገራችን ከ100 ከብት 90 ያህሉ እንዳለቀ ይነገራል።

በዚህ ላይ ዝናሙ ጠፋ፤ ሰብሉ በፀሐይ ተቃጠለ። ከዚህ የተረፈውን አንበጣና ተምች አይጥም በላው። በመጋቢት ወር 1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በመተማ ጦርነት ቈስለው ዐረፉ፤ አገሩም በሐዘንና በሥጋት ላይ ወደቀ። ሰውነቱ በረኃብ የደከመውን ሕዝብ ደግሞ ፈንጣጣ፥ ኮሌራና ተስቦ ተከታትለው መቱት። በዚያን ጊዜ የሕዝብ ቈጠራ አልነበረም፤ ከሕዝቡ ሢሶው ያህል አልቆአል ብለው የገመቱ አሉ። ሬሳ የሚቀብር ጠፍቶ አውሬ ሰውን እስከ መድፈር ደረሰ። ሰዎች በልማድም በሃይማኖትም የማይበላውን የፈረስና የበቅሎ የአህያም ሥጋ በሉ።

ወገኖቼ ሆይ፤ ከሁሉ አስቀድሞ አንድ ነገር እናስተውል። እኛ ጠግበን የተቀመጥን ሰዎች በዚያ ቀን የሞት ጥላ ባጠላበት ቤት ውስጥ በተደረገው ነገር ላይ ፈራጆች ሆነን ልንቀመጥ አይገባንም። ልጆቹ በፊቱ ሲሞቱበት የማይበላውን ያበላ አባት ፍርዱ በእግዚአብሔር ዘንድ ነው፤ እግዚአብሔርም መሓሪ ነው። እኛ ልንመረምር የሚገባን የራሳችንን ልብ ነው፤ ስለዚህ ያ ዘመን ለሰው ሁሉ ያቀረባቸውን ምርጫዎች አንድ በአንድ እንይ።

የመጀመሪያው ምርጫ የዘር ምርጫ ነበረ። የደጋው ገበሬ የሚያርሰው በጥማድ በሬ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። አንድ በሬ ብቻ ያለው ሰው፥ አንድ በሬ ብቻ ካለው ጎረቤቱ ጋራ መቀናጆ ገብቶ፥ አንድ ቀን የእርሱን አንድ ቀን የጎረቤቱን ማሳ ያርሳል። እንግዲህ በሬው በሞተ ጊዜ ሞፈርና ቀንበሩ በግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ቀረ። ያልታረሰ መሬት አይዘራም፤ ካልተዘራ መሬትም የሚታጨድ የለም። በጎታው ሥር የቀረችው ጥቂት እህል ለሚመጣው ዓመት የተቀመጠች ዘር ናት። ትበላ ይሆን ወይስ ትዘራ? ብትበላ ለጥቂት ቀን ሕይወት ታቆያለች፤ ብትዘራ ለመጪው ዓመት ተስፋ ትሆናለች፤ ነገር ግን በምን ታርሶ ትዘራለች?

በዚህ ጊዜ ሁለተኛው ምርጫ መጣ፤ እርሱም የዶማ ምርጫ ነው። በሬ ባይኖር በእጅ ቈፍሮ መዝራት ይቻል ነበር። ነገር ግን በሬ ጠምዶ በማረስ የሚከበረው ደገኛ፥ መሬትን በዶማ ቈፍሮ መዝራትን የውርደት ሥራ አድርጎ ይቈጥረው ነበር። መኳንንቱና ወታደሩማ ከእርሻው ጨርሶ የራቁ ነበሩ። ስለዚህ ረኃቡ አንድ የተሰወረ ደዌ ገለጠ፤ ሰው ከሞት ይልቅ ኀፍረትን ሊፈራ እንደሚችል አሳየ።

ዳግማዊ ምኒልክ በጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም ዘውድ ሲጭኑ የተረከቡት አገር ይህ ነበረ። ንጉሠ ነገሥቱ ሕዝቡ ወደ እግዚአብሔር እንዲጸልይ አዘዙ፤ ለተራቡትም ከግቢያቸው ምግብ እንዲሰጥ አደረጉ። ጸሓፌ ትእዛዛቸው ገብረ ሥላሴ በጻፉት ዜና መዋዕል እንደሚተረከው፥ ከዚህ ጋራ ሌላ ሥራ ሠሩ። መጥረቢያና ዶማ በእጃቸው ይዘው ወርደው ዕንጨቱን እየቈረጡ መሬቱን ይቈፍሩ ጀመር። ጌታቸውን በዶማ ሲቈፍር ያዩ መኳንንትና ወታደሮች ከዚያ በኋላ ምን ምክንያት ይኖራቸዋል? እነርሱም ተከትለው ቈፈሩ።

እዚህ ላይ ጥቂት እንቁም። ንጉሥ የቈፈረው አንድ ማሳ የተራበውን አገር እንደማያጠግብ የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ ያ ዶማ ከማሳው ይልቅ ኀፍረትን ቈፍሮ ጣለ። ደግሞም ጸሎትን ያዘዘው አንደበትና ዶማን ያነሣው እጅ የአንድ ሰው መሆናቸውን ልብ በሉ። ዛሬ ከእኛ መካከል አንዳንዱ ጸልዮ እጁን ያጣጥፋል፤ ሌላው ደግሞ በእጁ ታምኖ ጸሎትን ይተዋል። ጸሎት ሥራን የሚተካ ቢሆን ኖሮ አባታችን አዳም በወዙ እንዲበላ ባልታዘዘ ነበር። ሥራም ጸሎትን የሚተካ ቢሆን ኖሮ ዝናሙን ማን በሰጠን ነበር?

ነገሩ በዚህ አያበቃም። ለመሆኑ ያንን ዶማ ማን ቀጠቀጠው? ብረት አግሎ የሚቀጠቅጠው ጠይብ አይደለምን? ይህም ሰው «ቡዳ» እየተባለ የሚሸሽ፥ ከባላገሩ ጋራ በጋብቻ የማይተሳሰር፥ ሲያልፍ የሚታማ ሰው ነበረ። ሸማ የሚሠራውም፥ ሸክላ የምትሠራውም፥ ቆዳ የሚያለፋውም ዕጣቸው ይህንኑ የመሰለ ነበረ። በክፉ ቀን ግን የተናቀው ሰው የሠራው ዶማ ለናቀው ሰው የሕይወት መሣሪያ ሆነለት። እግዚአብሔር እንዲህ አድርጎ ትዕቢተኛን በመከራ ያስተምራል።

ለመሆኑ የእጅ ሥራን መናቅ ከወዴት አገኘነው? ከወንጌል እንዳላገኘነው ግልጥ ነው። መድኃኒታችን ኢየሱስ ክርስቶስ በዚህ ዓለም በተመላለሰ ጊዜ ያደገው በጠራቢው በዮሴፍ ቤት ነው። ብርሃነ ዓለም ጳውሎስ በማንም ላይ እንዳይከብድ ድንኳን ይሰፋ ነበር። የመነኮሳት አባቶች እንጦንስና ጳኵሚስ በግብፅ በረሃ ደቀ መዛሙርቶቻቸውን እጃቸው ሰሌን እየታታ አፋቸው መዝሙር እንዲያዜም አስተማሩአቸው። እንግዲህ በማዕጠንቱ ፊት የሚሰግድ ክርስቲያን፥ ማዕጠንቱን የሠራውን አንጥረኛ ቢንቅ ስግደቱ ምን ይረባዋል? ከክፉ ቀን ብዙ ዓመት በኋላ፥ በ1900 ዓ.ም.፥ ዳግማዊ ምኒልክ ሠራተኛን በሥራው ምክንያት የሚሰድብ ሰው እንዲቀጣ አዋጅ አስነገሩ፤ የሰው ልጅ ሁሉ የአዳምና የሔዋን ዘር መሆኑንም አሳሰቡ። አዋጁ ከተነገረ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ስድቡ ግን ከሁላችን አንደበት ጠፍቶአልን? ይህን እያንዳንዱ ወደ ቤቱ ገብቶ ራሱን ይጠይቅ።

ሦስተኛው ምርጫ የጎተራ ምርጫ ነበረ። በዚያ ዘመን እህል ከሁሉ ቤት በአንድ ቀን አልጠፋም። ያለውና የሌለው በአንድ መንደር፥ ምናልባትም በአንድ አጥር ተዋስነው ይኖሩ ነበር። እህል ያለው ሰው «ነገ ዋጋው ይወደዳል» ብሎ የጎተራውን አፍ ሊደፍን ይችል ነበር፤ ወይም በቁና እየሰፈረ ከጎረቤቱ ጋራ ሊካፈል ይችል ነበር። ሁለቱም ዓይነት ሰዎች እንደ ነበሩ አንጠራጠርም፤ በረኃብ ጊዜ ሁሉ ሁለቱም ይገኛሉና።

የቅዳሴ መጽሐፋችን በስሙ የሚጠራ ቅዳሴ ያለው ቅዱስ ባስልዮስ በ4ኛው መቶ ዘመን በቂሳርያ ቀጰዶቅያ እንዲህ ያለ ረኃብ ገጥሞት ነበር። እርሱም ገና ቄስ ሳለ የሀብታሞችን ጎተራ በስብከቱ አስከፈተ፤ ከዚያም ወገቡን ታጥቆ፥ ድስቱን አስጥዶ፥ የተራቡትን በገዛ እጁ ይመግብ ነበር። ከተማረው ጥበብና ከተወለደበት ወገን ክብር አንጻር ሲታይ ይህ ሥራ ዝቅ ያለ ይመስል ይሆናል፤ ቤተ ክርስቲያን ግን «ታላቁ» ብላ ስትጠራው ያንን ድስት አልዘነጋችም። የባስልዮስ ትምህርት አጭር ነው፤ ለተራበ የሚገባው እንጀራ በአንተ ሞሰብ ቢሻግት ያ እንጀራ የሌላ ሰው ነው የሚል አሳብ አለው።

በአገራችንም ለዚህ ሥራ የቆመ ሥርዓት ከጥንት ጀምሮ አለ። በሰንበት ከቅዳሴ በኋላ በደጀ ሰላም ሰንበቴ የሚቀርበው ለምንድር ነው? በየወሩ በጻድቃንና በሰማዕታት ስም ጽዋ የሚጠጣው፥ ዝክር የሚዘከረው ለምንድር ነው? እንግዳና ጦም አዳሪ ከማኅበርተኛው ጋራ እኩል ተቀምጦ እንዲበላ አይደለምን? አባቶቻችን ልግስናን ለሰው ስሜት ብቻ አልተዉትም፤ ቀን ቈርጠው፥ ተራ መድበው፥ ሥርዓት አድርገው ተከሉት። በደኅናው ቀን ቁራሽ ማካፈል ያልለመደ እጅ በክፉ ቀን በድንገት ሊዘረጋ አይችልምና።

በመጽሐፈ ነገሥት የምትነገረው የሰራፕታዋ መበለት ታሪክ ለዚህ ምስክር ነው። በማድጋዋ የቀረው ዱቄት ለእርስዋና ለልጅዋ የመጨረሻ ምግብ ይሆን ነበር፤ ነቢዩ ኤልያስ ግን አስቀድማ ለእርሱ እንድትጋግር ለመናት። ያቺ ሴት ትንቢት አልተናገረችም፥ ባሕር አልከፈለችም፤ ያደረገችው ነገር ቢኖር እንጎቻ መጋገር ብቻ ነው። በክፉ ቀንም እንደ እርስዋ ያለች ሴት በየመንደሩ አልታጣችም ብለን እናምናለን። ስምዋ በዜና መዋዕል አልተጻፈም፤ በሕይወት መጽሐፍ ግን ተጽፎአል።

አራተኛው ምርጫ ሙታንን የመቅበር ምርጫ ነበረ። አቅም ያለው ሰው የራሱን ሕይወት ለማዳን የወደቀውን ትቶ ሊያልፍ ይችል ነበር። ጦቢት በስደት አገር ሳለ የወገኑን ሬሳ እየፈለገ ይቀብር እንደ ነበረ እናነባለን፤ ይህንም በማድረጉ ሀብቱን አጣ፥ ለሞትም ተፈለገ። ራሱ የተራበ ሰው፥ የማያውቀውን ሰው ለመቅበር ዶማ ሲያነሣ፥ ሥጋ በትንሣኤ እንደሚነሣ በሥራው መመስከሩ ነው። ያው ዶማ ለዘርም ለመቃብርም አገለገለ። ሁለቱም በአፈር ውስጥ በተስፋ የሚጣሉ ናቸውና እምነታቸው አንድ ነው።

የተወደዳችሁ ሆይ፤ ያ ዘመን አለፈ። ከ1884 ዓ.ም. በኋላ ምድሪቱ ቀስ በቀስ አገገመች፤ የተረፉት ጥቂት ከብቶችም ረቡ። በየካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዓድዋ ተራሮች የተሰለፈው ሠራዊት ማን እንደ ነበረ ታስባላችሁን? ከክፉ ቀን የተረፈ ሕዝብ ነው። ከ4 ዓመት በፊት በሬውን የቀበረ፥ ምናልባትም ልጁን የቀበረ፥ ማሳውን በዶማ የቈፈረ ሰው ነው። ስለ ዓድዋ ስንናገር ጦሩንና ጋሻውን እናነሣለን፤ ከዚያ በፊት የነበረውን የዶማውን ጊዜም አብረን ብናስታውስ ታሪኩ ሙሉ ይሆናል።

ያ «ደስታ» የተባለው በሽታስ መጨረሻው ምን ሆነ? ከ100 ዓመት በላይ ከብታችንን ሲፈጅ ኖሮ፥ በ2003 ዓ.ም. ከዓለም ፈጽሞ መጥፋቱ ተነገረ። ይህም የሆነው በብዙ አገር ሊቃውንት ድካም፥ ደግሞም ስማቸው በማይታወቅ ሰዎች እግር ነው። በአገራችን በ1980ዎቹ ዓመታት መጨረሻ ሙቀት በቶሎ የማያበላሸው ክትባት በተገኘ ጊዜ፥ በአፋር ቆላ የአካባቢው አርብቶ አደሮች ራሳቸው ክትባት መስጠትን ተምረው፥ ተሽከርካሪ ወደማይደርስበት ስፍራ በእግራቸው እየሄዱ የየመንጋውን ከብት ከትበዋል። በሽታው በአንድ መርከብ ገብቶ ነበር፤ የወጣው ግን በብዙ ሺህ እርምጃ ነው። እግዚአብሔር ለሰው የሰጠው ጥበብ፥ ትሕትና ካለው እጅ ጋራ ሲገናኝ ይህን ያህል ይሠራል።

እንግዲህ ይህ ታሪክ ለእኛ ምን ይነግረናል? ዛሬ እያንዳንዳችን ጎተራ አለን፤ የአንዱ እህል ነው፥ የአንዱ ደመወዝ ነው፥ የአንዱ ዕውቀት ነው፥ የአንዱም ጊዜ ነው። ነጋዴው ሚዛኑን ባነሣ ጊዜ፥ ዕቃ ሲጠፋ ዋጋ ለመጨመር ባሰበ ጊዜ በክፉ ቀን ደጃፍ ላይ ቆሞአል። ሹሙ የድኻው አቤቱታ በጠረጴዛው ላይ ሲያድር፥ የቤት እመቤትዋ ሠራተኛዋን ስትጠራ፥ የተማረው ልጅ የአባቱን የእርሻ ልብስ አይቶ ሲያፍር፥ ሁሉም ያንኑ ጥያቄ እየመለሱ ናቸው። በሁዳዴ ከሥጋና ከወተት የሚከለከል ሰው፥ ከሠራተኛው ደመወዝ ግን የማይከለከል ቢሆን፥ ጾሙ ሆዱን አስርቦታል እንጂ ልቡን አልነካውም።

ትልቅ ሥራ የምንሠራበትን ቀን እየጠበቅን ትንሹን እንዳንተው እለምናችኋለሁ። በመጨረሻው ፍርድ ቀን ጌታችን የሚጠይቀን ስለ ቁራሽና ስለ ጽዋ ውኃ፥ ስለ ልብስና ስለ ሕሙም ጥየቃ መሆኑን አስቀድሞ ነግሮናል። ጥያቄው ከፈተናው በፊት የተነገረው ተማሪ ቢወድቅ ምን ምክንያት ያቀርባል?

ስለዚህ ወገኖቼ፥ ዛሬ ማታ ወደ ቤታችን ስንገባ እነዚህን ሦስት ነገሮች እናድርግ። ከሞሰባችን የማን ድርሻ እንዳለ እንቍጠር፤ በሥራው የናቅነውን አንድ ሰው በክብር ስሙ እንጥራው፤ በኀፍረት የተውነውን አንድ መልካም ሥራ በእጃችን እንጀምረው። ይህ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ዘርም ትንሽ ነው።

በክፉ ቀን የወደቁትን አባቶቻችንንና እናቶቻችንን፥ ቀባሪ ያገኙትንም ያላገኙትንም፥ እግዚአብሔር በአብርሃም በይስሐቅ በያዕቆብ አጠገብ ያሳርፍልን። ዝናሙን በጊዜው፥ ሰላሙን በዘመኑ ይስጠን። ለእኛም የምትጸልይ አንደበት፥ የምትሠራ እጅ፥ የምትራራ ልብ አንድ አድርጎ ያድለን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር፤ አሜን።